በአባ እግር ውስጥ ያልነበረው እሾህ

ኪንታሮት ሰው አይገድልም። በምሠራበት ክሊኒክ እጁን ወይም እግሩን ይዞ ለመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የምነግረው ይህንን ነው። አብዛኛው ሰው አያምነኝም፤ የደበቅኩት ነገር ያለ ይመስል ፊት ፊቴን ያየኛል። እኔም አልፈርድበትም። ከባቄላ ፍሬ የማትበልጥ አንዲት ኪንታሮት የአንድ ደብር ሕዝብ በሙሉ ቁልቁለት ላይ ቀጥ አድርጋ ስታቆም በዓይኔ አይቻለሁ።

ነርስ ነኝ። ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ የግል ክሊኒክ ነው የምሠራው። ቁስል ማጠብ፣ መርፌ መውጋት፣ ከዶክተሩ ጎን ቆሞ የቆዳ ሕመምተኛ ማየት የዘወትር ሥራዬ ነው። የተወለድኩት ግን ከአንኮበር ወዲያ፣ የመኪናው መንገድ ካለቀ በኋላ በእግር በሚወረድበት መንደር ነው። የመንደሩን ስም አልጠራም፣ የሰዎቹንም ስም ቀይሬዋለሁ፤ አገሩ ጠባብ ነው፣ ሰው ይተዋወቃል።

በዚያን ጊዜ ከወንድሜ ከተክሌ ጋር አንነጋገርም ነበር። ተክሌ ታላቄ ነው። አባታችን ቀድሞ ስለሞተ ያሳደገኝም ያስተማረኝም እሱ ነው ማለት ይቻላል። የተጣላነው በእናታችን ምክንያት ነው። ታማ የተኛች ጊዜ እሱ «ጸበል ትግባ» አለ፣ እኔ «ሆስፒታል ትግባ» አልኩ። መጀመሪያ የእሱ ቃል ሆነ፣ ኋላ የእኔ። ደብረ ብርሃን ወሰድኳት፤ እዚያው አልጋ ላይ እንዳለች አረፈች። እሱ «ከቤቷ አውጥተሽ በሰው አገር ገደልሻት» አለኝ። እኔ «ያዘገየሃት አንተ ነህ» አልኩት። ሁለቱም ቃል የተነገረው ለቅሶው ላይ፣ ሰው እየሰማ ነው። ከዚያ ወዲህ ሦስተኛ ጥምቀታችን ነበር፤ እሱ ባለበት እኔ አልቀመጥም፣ እኔ ባለሁበት እሱ እህል አይቀምስም።

የንስሐ አባታችን ቄስ ወልደ ሰንበት፣ እኛ አባ የምንላቸው፣ ሊያስታርቁን ብዙ ደክመዋል። በእናታችን ተዝካር ዕለት ሽማግሌ ሰብስበው ጎን ለጎን አስቀምጠውን ነበር። ተክሌ «ታላቅ ነኝ፤ እሷ ትቅደም» አለ። እኔ «ያጠፋው ይቅደም» አልኩ። ሽማግሌዎቹ ጠላቸውን ጠጥተው ወደየቤታቸው ሄዱ።

ያን ዓመት አገሬ የገባሁት ከከተራ አንድ ቀን ቀደም ብዬ ነው። የእናታችን ቤት የተክሌ ስለሆነ የማርፈው አባ ቤት ነበር። አባ ድምፄን ሰምተው ከደጅ ብቅ አሉ፤ ሲራመዱ ግን ግራ እግራቸውን በጎኑ ነበር የሚረግጡት።

«እግርዎ ምን ሆኖ ነው አባ?»

«እሾህ ነው ልጄ። ከክረምት ጀምሮ አልወጣ አለኝ። ወንድምሽ ስንት ጊዜ ቆፈረልኝ መሰለሽ።»

ተክሌ በአገሩ እሾህ በማውጣት የታወቀ ነው። አንገቱ ላይ በክር ያሰራት ወረንጦ አለችው፤ ከእሷ ጋር አንዲት መርፌ ትኖራለች። ገበሬም ሆነ ነጋዴ እግሩ ላይ እሾህ ከተሰበረበት «ተክሌ ጋ ሂድ፣ እጁ ቀላል ነው» ይሉታል። እውነትም ቀላል ነው። በልጅነቴ እግሬን ጭኑ ላይ አድርጎ ሲነቅልልኝ ወሬ ያወራኝ ነበር፤ ወሬው ሳያልቅ እሾሁ መዳፉ ላይ ነው።

«እስቲ ልየው» አልኩ።

ባለቤታቸው እማማ አስካለ ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አመጡልኝ። እግራቸውን አጥቤ በበሩ ወደሚገባው ብርሃን አዞርኩት። ከአውራ ጣታቸው ሥር፣ መርገጫው ላይ፣ አንዲት ጠጣር ነገር አለች። ዙሪያዋ በመርፌ ተቆፋፍሮ ቆስሏል፤ መሀሏ ላይ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ይታያሉ። ከላይ ጫን አደረግኳት፤ አባ ቻሉት። በሁለት ጣቴ ግራና ቀኝ ይዤ ቆንጠጥ ሳደርጋት ግን እግራቸውን ከእጄ ነጠቁኝ።

«ይሄ እሾህ አይደለም አባ። ኪንታሮት ነው።»

«ውስጥ እግር ላይ ኪንታሮት ምን ይሠራል? እጅ ላይ አይደል እንዴ የሚወጣ?»

«እግርም ላይ ይወጣል። እጅ ላይ ሲሆን ወደ ላይ ያድጋል። እግር ላይ ሲሆን ግን ሰውነታችን ስለሚጫነው ወደ ውስጥ ይቀበራል። ጠጠር እንደረገጡ ሆኖ የሚያምዎ ለዚህ ነው።»

«ጥቁሩስ? ተክሌ ‹ጫፉ ይታየኛል› እያለ እሱን ሲከተል ነው የከረመው።»

«ጥቁሩ የረጋ ደም ነው። ኪንታሮቱ ውስጥ ቀጫጭን የደም ሥሮች አሉ፤ ደሙ ሲረጋባቸው የእሾህ ጫፍ ይመስላሉ። ሲቆፍሩት ይደማል እንጂ የሚወጣ ነገር የለውም። ደግሞ የእግርዎ ቆዳ መስመር መስመር አለው አይደል? እዚህች ጋ ሲደርስ ይቋረጣል። መርገጥ ያደረቀው ቆዳ ብቻ ቢሆን ኖሮ መስመሩ አይቋረጥም ነበር።»

አባ ፈገግ አሉ። «በልጅነቴ ኮከብ ቆጥሬ ኪንታሮት እጄን ሞልቶት ነበር። እናቴ አትቁጠር እያለችኝ። አንዱን በፈረስ ጭራ አሰሩት፣ ሌላውን የቁልቋል ወተት ቀቡት፤ እጄ ቆስሎ ስንት ጊዜ ተሰቃየሁ። በዚህ ዕድሜዬ ግን ኮከብ አልቆጠርኩም።»

«ኮከቡ የለበትም። ቫይረስ የሚባል ዓይን የማያየው ነገር ነው። ቆዳ ሲሰነጠቅ ወይም ሲጫር፣ በተለይ ሲረጥብ፣ ገብቶ ይቀመጣል። ካለበት ሰው ቆዳ ይተላለፋል፤ ያ ሰው በባዶ እግሩ ከረገጠው እርጥብ ቦታ፣ ከተላጨበት ምላጭ ይተላለፋል። ገብቶም ቶሎ አይታይም፤ ወራት ሊቆይ ይችላል። ለዚህ ነው ሰው ከየት እንደያዘው የማያውቀው።»

«መድኃኒት አለው?»

«አለው። ቆዳውን ቀስ በቀስ የሚልጥ ቅባት አለ። እግርዎን ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፈው፣ የሞተውን ቆዳ ፍቀው፣ በየቀኑ ይቀቡታል። ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ሳምንታት ይፈጃል፣ ወራትም ሊፈጅ ይችላል። በብርድ የሚያቃጥሉበት ቦታም አለ። ብዙ ሰው ላይ ደግሞ ምንም ሳይደረግለት ራሱ ይጠፋል። አሁን ግን ቁስል ነው፤ ቁስሉ ሳይሽር ቅባት አልነካውም። ነገ ታቦቱን ሌላ ቄስ ተሸክሞ ቢወርድ ነው የሚሻለው።»

«አይሆንም» አሉ አባ፣ እግራቸውን ወደ ጋቢያቸው ሰብስበው። «ተረኛው እኔ ነኝ። አንደኛው ቄስ ወገባቸውን ታመዋል፣ ሌላው ትናንት የተሾመ ነው። ደግሞ ለዚህች ለባቄላ ብዬ?»

በዚህ መሀል ከደጅ «ቤቶች፣ እንደምን አመሻችሁ» የሚል ድምፅ መጣ። ተክሌ ነበር። እኔን ሲያይ ደፉ ላይ ቆመ።

«አባ፣ እንግዳ አለብዎ መሰለኝ፤ ልመለስ።»

«እንግዳ የለብኝም። እህትህ ናት። ግባ።»

ገባና ከአባ ወዲያ ተቀመጠ። ጠጉሩ መሸበቱን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ሆዴ ባባ፤ ፊቴን ግን አልፈታሁም።

«ነገ እንዳያስቸግርዎ ትንሽ ልቆፍርልዎ ብዬ ነበር አባ» አለና ወረንጦውን ከአንገቱ አወለቀ።

እኔ ወደ አባ ዞርኩ። «አባ፣ ከእንግዲህ መርፌ እንዳይነካው ይንገሩልኝ። እሾህ አይደለም።»

«አባ፣ ‹ይህን ያህል ዘመን እሾህ ሳወጣ እሾህ አላውቅም ወይ› ይበሏት። ጥቁር ጫፉን በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

«አባ፣ ‹ጥቁሩ ደም ነው› ይበሉት። በቆፈረው ቁጥር ቁስሉን እያሰፋው ነው።»

አባ አንዴ ወደ እሱ፣ አንዴ ወደ እኔ ሲዞሩ ቆዩና «እኔ አስተርጓሚ ሆንኩ እንዴ? ሁለታችሁም አማርኛ ትሰማላችሁ» አሉ።

ተክሌ ወረንጦውን ወደ አንገቱ መለሰ። ከመነሣቱ በፊት ጎንበስ ብሎ የአባን እግር አየ፤ ነካ ሳያደርገው ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ወደ በሩ ሄደና «የሐኪም ቤት እውቀት እናታችንን መች አዳናት» አለ። ይህንን ለአባ አላለውም፤ ለግድግዳው ነው ያለው። ወጥቶ ሄደ።

እማማ አስካለ ሳፋውን አንሥተው ውሃውን ሊደፉ ወጡ። አባ «ነገሩ እግሬ ላይ ቢሆንማ ጥሩ ነበር» አሉ ለራሳቸው።

በማግስቱ ቁስሉን አጠብኩት። ከቦርሳዬ ጥጥ አውጥቼ መሀሉን ክፍት አድርጌ እንደ ቀለበት ጠቀለልኩትና ኪንታሮቷ ክፍቱ ውስጥ እንድትገባ አድርጌ በፕላስተር ለጠፍኩት። እንዲህ ሲሆን ክብደቱ ዙሪያው ላይ ያርፋል። አባ ሁለት ሦስት ጊዜ ረግጠው ሞከሩትና «ነፍስ ዘራሁ» አሉ። ጫማ ያድርጉ ብዬ ለመንኳቸው። «ቃል ኪዳኑን ተሸክሜ በጫማ አልወርድም፤ ድሮም አላደረግኩትም» አሉኝ። የሚያዋጣው ጥጡ ብቻ ነበር።

የእኛ ቤተ ክርስቲያን ያለው ከኮረብታው አናት ላይ ነው። ጥምቀተ ባሕሩ ከታች ወንዙ ዳር ነው። መሀሉ ቁልቁለት ነው፤ ድንጋዩ እንደ ደረጃ ተደራርቦ፣ ከወንዝ የሚወጣው ጭጋግ ሲያርፍበት ያዳልጣል። በከተማ ታቦት ሲወርድ ምንጣፍ የሚዘረጉ ወጣቶችን አይቻለሁ፤ እኛ ጋ ምንጣፍ የለም፣ ያለው ድንጋይ ነው።

ከሰዓት በኋላ ታቦቱ ወጣ። አባ በወርቀዘቦ የተሸፈነውን ታቦት በራሳቸው ላይ አክብረው፣ በግራና በቀኝ ድባብ ተይዞላቸው፣ ከበሮውና ጸናጽሉ ከፊት፣ ወንዱ በአንድ ወገን ሴቱ በሌላ ወገን ሆኖ መውረድ ጀመርን። እልልታውን ገደሉ ያስተጋባው ነበር። ሰው ሁሉ ወደ ላይ ሲያይ እኔ የማየው እግራቸውን ነው። ሥራ ልማድ ይሆናል።

ቁልቁለቱ ሲጀምር ደህና ነበሩ። ትንሽ እንደወረድን አንድ ድንጋይ ላይ ነጭ ነገር ተጣብቆ አየሁ። የእኔ ፕላስተር ነበር፤ ጥጡ ረጥቦ ከጎኑ ወድቋል። ቀና ብዬ አባን አየኋቸው። በተረከዛቸው ሊወርዱ ሞከሩ፤ በተረከዝ ቁልቁለት አይወረድም። ጥቂት ተራመዱና አንዲት አሮጌ ወይራ ካለችበት ቦታ ሲደርሱ ቆሙ።

መጀመሪያ ማንም አላስተዋለም። ድባብ የያዙት ዲያቆናት ግን አንድ እርምጃ አልፈው ተመለሱ። ከበሮው ቀስ እያለ ጠፋ። እልልታው ከፊት ወደ ኋላ እየተቆረጠ ሄደ። የወንዙ ድምፅ ብቻ ቀረ።

አንድ ሽማግሌ «ታቦቱ ቆመ» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ያ ቃል ከአፍ አፍ እየተቀባበለ እስከ ኋላ ደረሰ። «አልሄድም ብሏል።» «ምን አይቶብን ይሆን?» ካህናቱ እግዚኦታ ጀመሩ። ሰው ያለበት ቦታ ድንጋዩ ላይ ተንበረከከ።

አገሬን ለማያውቅ አንባቢ ይህን ልንገር። ታቦት መንገድ ላይ ሲቆም እንዲሁ አይቆምም ተብሎ ይታመናል። ከሕዝቡ መካከል የተቀያየመ ወይም የተበደለ አለ ማለት ነው። ያ ሰው እስኪታረቅ ማንም ወደ ፊት አይሄድም። ልጅ ሆኜ ይህንን ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር። ያን ዕለት ግን ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል የቆመው ምን እንደሆነ የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ ብዬ አሰብኩ። የቆመው የቆሰለ እግር ነው። ያቆመውም ቫይረስና መርፌ ነው።

«ከመካከላችን የተጣላ አለ» አሉ ሽማግሌው። «ለታቦቱ ስትሉ ታረቁ።»

ከሴቶቹ መካከል ሁለቱ ወዲያው ተቃቀፉ፤ ኋላ እንደሰማሁት በዶሮ ምክንያት ነበር የተኳረፉት። ሰው ወደ አባ ተመለከተ። አባ አልተንቀሳቀሱም። ግንባራቸው ላይ ላብ ይታየኛል፤ በዚያ ብርድ። ከዚያ ዓይን ሁሉ ወደ ሁለት ቦታ ሄደ፤ እኔ ወዳለሁበትና ማዶ ከወንዶቹ ጋር ተክሌ ወዳለበት። ሁሉም ያውቃል፤ ለቅሶው ላይ ሆኖ የሰማን ሰው ነው አሁንም ዙሪያችን ያለው።

ምን ላድርግ? እውነቱን ብናገር አባ መሳለቂያ ይሆናሉ፤ ታቦት ተሸክሞ እግሬን ያለ ቄስ ይባላሉ። ተክሌም ታቦት ያስቆመው የእሱ መርፌ መሆኑን በሰው ፊት ይሰማል፤ ዕድሜ ልኩን ይቅር አይለኝም። ዝም ብል ደግሞ በሌለ ነገር ልታረቅ ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ አንድ ነገር ፈራሁ። ተክሌ ፊቱን አዙሮ ቢሄድ፣ ታቦት ቆሞ እንኳ ያልታረቁ ተብለን፣ ከእንግዲህ እኔንና እሱን የሚያስታርቅ ነገር ምድር ላይ አይገኝም። ወንድም አለኝ ማለቴ ያበቃል።

ማዶው ተላወሰ። ተክሌ ጎንበስ ብሎ ከመንገዱ ዳር አንድ ድንጋይ አነሣ። ትንሽ ድንጋይ አልነበረም። ማጅራቱ ላይ አድርጎ በሁለት እጁ ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ መሀሉን አቋርጦ ወደ እኔ መጣ። በእኛ አገር ድንጋይ የሚሸከመው የበደለ ነው፤ ታላቅ ለታናሽ ሲሸከም አይቼ አላውቅም። ሰዉ መንገድ ለቀቀለት። ፊቴ መጥቶ በጉልበቱ ተንበረከከ።

«ይቅር ለእግዚአብሔር፣ ብርቄ» አለ።

ብርቄ ብሎ ከጠራኝ ቆይቷል። ድንጋዩን ከማጅራቱ አውርጄ ጣልኩት። «ይቅር ብያለሁ። አንተም ለእግዚአብሔር ብለህ ይቅር በለኝ ጋሼ» አልኩ፤ ሌላ የምለው ነገርም አላገኘሁም። ተቃቀፍን። ልብሱ ጭስ ጭስ ይላል፣ የእናታችንን ቤት ይሸታል። አለቀስኩ። ለቅሶው እውነት ነበር፤ ምክንያቱ ሐሰት መሆኑን እያወቅኩ ለቅሶው እውነት ነበር።

እልልታው ቀለጠ፣ ከበሮው ተመታ። ሰው ሁሉ ወደ ታቦቱ ዞረ። አባ ግራ እግራቸውን አነሡ፣ ድንጋዩ ላይ አሳረፉት፣ መልሰው አነሡት። ቆሙ።

እልልታው እንደገና ተቆረጠ። ከኋላዬ አንዲት ሴት «ከልባቸው አይደለም» አለች። ያን ጊዜ ነው በእውነት የደነገጥኩት። እርቃችን ዕድሜው ገና ጥቂት ደቂቃ ነው፣ ሊፈርስ ነው። እንዴት ልጠጋቸው፣ ምን ላይ ይርገጡ ልበላቸው እያልኩ ሳወጣ ሳወርድ ተክሌ ከጎኔ ጠፋ።

ከአባ ፊት ተደፍቶ መሬቱን ሳመ። ከዚያ የለበሰውን ጋቢ ገፍፎ እጥፍ፣ አሁንም እጥፍ አደረገውና በግራ እግራቸው ፊት ድንጋዩ ላይ አኖረው። «ይርገጡ አባ» አለ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። አባ ረገጡ። ቆሙበት። ቀኛቸውን አስከተሉ። ቀጥሎ የነበረው ሰው የራሱን ጋቢ አወለቀ፣ ከዚያ ሌላው፣ ሴቶቹም ነጠላቸውን። ቁልቁለቱ እስከ ወንዙ ድረስ ነጭ ሆነ፤ አባ በዚያ ላይ ቀስ እያሉ ወረዱ። የተክሌን ጋቢ ሳነሣው እጥፉ ላይ ትንሽ ደም ነበረበት።

የጥምቀት ዕለት ምሳ የበላሁት በእናቴ ቤት ነው። ተክሌ አጎረሰኝ። ስለ እናታችን ብዙ አወራን፤ ሆስፒታል የገባች ማታ ምን እንዳለችኝ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ጥሩ ቀን ነበር። ውስጤ ግን አንድ ነገር ይቆረቁረኝ ነበር፤ ወንድሜን ያገኘሁት እሱ የማያውቀውን እያወቅኩ ነው።

አባ ቁስላቸው ከሻረ በኋላ ደብረ ብርሃን መጡ። ዶክተሩ አየና ቅባቱን አዘዘ። እማማ አስካለን አሳየኋቸው፤ ሲመሽ የአባን እግር ዘፍዝፈው ይፍቁላቸውና ይቀቧቸው ጀመር። የሚፍቁበት ድንጋይ ሌላ ሰው እንዳይነካው፣ የእግር ማድረቂያ ጨርቃቸውም ለብቻው እንዲሆን ነገርኳቸው። ለፋሲካ ጥቁሮቹ ነጥቦች አልነበሩም፤ የእግራቸው መስመር ተመልሶ ነበር። ከዚያ በፊት አንድ ቀን ሊታዩ ክሊኒክ መጥተው እየፋቅኩላቸው «አባ፣ ያን ዕለት ወይራዋ ጋ…» ብዬ ጀመርኩ። «ቅባቱን አታሳንሺው» አሉኝ። ሁለተኛ አልጠየቅኳቸውም።

ለእናንተ ለምታነቡትም እዚህ ላይ የምለው አለኝ። ውስጥ እግራችሁ ላይ አልወጣ ያለ እሾህ ካለ፣ ከመቆፈራችሁ በፊት ለባለሙያ አሳዩት። በምላጭ የቆረጡት፣ የባትሪ አሲድ ያፈሰሱበት፣ በጋለ ሚስማር የተኮሱት ሰዎች ይመጡብኛል፤ ኪንታሮቱ ራሱ ካደረሰባቸው ይልቅ መድኃኒቱ ያደረሰባቸው ይበልጣል። ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ እግሩን ራሱ ከቶ አይነካካ። ብልት አካባቢ የሚወጣው ሌላ ዓይነት ነው፤ እሱንም አፍራችሁ አትደብቁት።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ክረምቱ ሲወጣ ተክሌ ክሊኒክ መጣ። ደብረ ብርሃን በግ ሊሸጥ መጥቶ ነው፤ በሩ ላይ ቆሞ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ያመነታል። ቀኝ አውራ ጣቱን ዘረጋልኝ። ጥፍሩ አጠገብ አንዲት ሻካራ እብጠት ወጥታለች፤ መርፌውን የሚይዝባት ቦታ ላይ።

«ይሄም እሾህ ነው ጋሼ?» አልኩት።

ሳቀ። «አንቺው ንገሪኝ እንጂ።»

አስቀመጥኩት። እጁን ለብ ባለ ውሃ ዘፈዘፍኩት፤ ከዚያ ጭኔ ላይ ፎጣ አንጥፌ እጁን አስደገፍኩትና መፋቅ ጀመርኩ። ጥቁሮቹ ነጥቦች ወጡ። ጎንበስ ብሎ አያቸው።

«አባ ላይ የነበረው ይሄው ነው?»

«ይሄው ነው።»

አሁን ካልነገርኩት መቼም አልነግረውም ብዬ አሰብኩ። «ጋሼ፣ ያን ዕለት ታቦቱ የቆመው…»

«አባን እግራቸውን አሟቸው ነው» አለ።

እጄ ቆመ። «ታውቅ ነበር?»

«እግራቸውን ስቆፍር የከረምኩት እኔ አይደለሁ? አንቺ እሾህ አይደለም ስትዪኝ ቤቴ ገብቼ ሳስበው አደርኩ። ስንት ጊዜ ቆፍሬ ያላወጣሁት እሾህ እሱ ብቻ ነው። ታቦቱ ሲወጣም እንዴት እንደሚረግጡ እያየሁ ነው የወረድኩት። ጋቢዬን አጥፌ በግራ በኩል ያደረግኩት ለምን ይመስልሻል?»

«ታዲያ ድንጋይ የተሸከምከው ለምንድን ነው?»

ጣቱን አየ። «ታላቅ ነኝ፣ እሷ ትቅደም ብዬ በሰው ፊት ተናግሬያለሁ። ከዚያ በኋላ መታረቅ አማረኝ፣ ግን በምን አፌ? አባ ሲቆሙ ምክንያት አገኘሁ። ከዚያ ደግሞ ማን ያውቃል ብርቄ፣ እግራቸው መንገዱን ሁሉ ሲያማቸው ነበር፤ የቆሙት ግን እኛ ያለንበት ጋ ነው።»

ስንት ወር ሙሉ እሱን ያታለልኩት መስሎኝ ስጨነቅ ነበር። ለካ ሁለታችንም አንድ ነገር እያወቅን ነው አንዳችን ከሌላችን የደበቅነው። አባንም ብትቆጥሩ ሦስታችን። ሳቅኩና ዓይኔን በክንዴ ጠረግኩ።

«ሥራሽን ሥሪ» አለ ተክሌ። «ወሬም አውሪኝ እንጂ። እኔ ስነቅልልሽ አላወራሽም ነበር?»

አወራሁት።

ብዙ ሰው ለእርቅ የሚበቃ ምክንያት እስኪመጣለት ይጠብቃል። እኔም እሱም ስንጠብቅ ነበር፤ የመጣልን ባቄላ የምታህል ኪንታሮት ናት። የተጣላችሁት ሰው ካለ እንዲህ ያለ ምክንያት ላይመጣላችሁ ይችላል። ይልቅ ደውሉለት።

የተክሌ ጣት ድኗል። ወረንጦዋን አልጣላትም፤ አሁንም አንገቱ ላይ ናት፣ መርፌዋን ግን ለእያንዳንዱ ሰው በውሃ ያፈላታል። እሾህ ብሎ የመጣ ሰው እግር ላይ መጀመሪያ የቆዳውን መስመር ያያል፤ ከዚያ ግራና ቀኝ ይዞ ቆንጠጥ ያደርገዋል። ሰውዬው እግሩን ከነጠቀው አይነካውም። ስልክ ወደሚሠራበት ዳገት ይወጣና ይደውልልኛል።

«ብርቄ» ይለኛል፣ «እሾህ ያልሆነ ሰው ልኬልሻለሁ።»